የአውራ ጣት አሻራ

«ትልቋም እዚያው ናት የምትሠራው፤ ታግዛታለች።»

እናቷ ይህን ያለችው ወጥ ቤት ውስጥ ለጎረቤቷ ነበር። ትልቋ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ባለው አጭር በርጩማ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስታስር ሰማቻት፤ እጇ ክሩን እንደያዘ ቀረ። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ማየት የምትፈልገውንም የማትፈልገውንም ታያለች። እናቷ ታናሽ እኅቷ የሠራቻትን መዳፍ የምታህል ዝርግ ብረት ጫፏን በልብስ መቆንጠጫ ይዛ ከቧንቧው ሥር ታስገባታለች፤ ውሃው ብረቷ ላይ ያርፍና ልቀመጥ ሳይል ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ታወጣታለች፤ ብረቷ ደረቅ ናት። ጎረቤቲቱ እንደ ልጅ አጨበጨበች። «እስቲ እኔም ልያዛት» ብላ እጇን ስትዘረጋ እናቷ ብረቷን ወደ ደረቷ ሸሸግ አደረገቻት። «በጣት አይሆንም! ጣት አትወድም ብላኛለች ትንሿ። በመቆንጠጫው ያዢያት።» «ኧረ ተይኝ እቴ! ብረት ደግሞ እንዲህ ትቀናጣለች?» አለች ጎረቤቲቱ፤ ተሳሳቁ። ከገንዳው በታች፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር፣ አንድ የዛገ ትሪ ተቀምጧል። ትሪውን የሠራችው ትልቋ ናት። ከዓመታት በፊት ላዩ ላይ የፈሰሰ ውሃ እንደ ዶቃ እየተድበለበለ ሲሮጥ ይኸው ወጥ ቤት በሳቅ ተሞልቶ ነበር፤ ያኔም እናቷ ጎረቤት ጠርታ አሳይታለች። ከዚያ አንድ ቀን በሽቦ ፈተገችውና ነገሩ በዚያው አበቃ። ውሃ እንዳይነካው የተሠራ ትሪ አሁን ውሃ ሲያቁር ይውላል። ይህን የሚያስታውስ ሰው በቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ያለ አይመስላትም።

ታግዛታለች። ክሩን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። አሲድ እንዴት እንደሚቀዳ ያስተማረቻት ማን ነው? ለኃላፊው «እኅቴ ናት፤ ጎበዝ ናት፤ ሞክራት» ብላ ያስገባቻትስ? ግን እንዲህ ያለውን ነገር ወጥ ቤት ገብቶ ለጎረቤት ማስረዳት አይቻልም። ሰው ራሱን ያዋርዳል እንጂ።

ትንሿ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። የትልቋን ግራጫ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች።

«እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ። እንግዳዋ ፊት እንዳልርበተበት።»

«ያዢው» አለች ትልቋ።

ሻርፑ ትንሿ ላይ ያምራል። ባለቤቱ ላይ እንዲህ አምሮ አያውቅም። ሁለቱ የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የትልቋ ነበር፤ ትንሿ ለትምህርት ቤት ፈተና ስታጠና ብርሃን ያስፈልጋታል ተብሎ ለጊዜው ተለዋወጡ። ፈተናው ካለፈ ስንት ጊዜው፤ አልጋው አልተመለሰም፤ ትልቋም መልሽልኝ አላለችም። በዚያ ቤት ነገር የሚሄደው እንዲህ ነው። ማንም አይቀማም፤ ማንም አይጠይቅም፤ ብቻ አንድ ቀን ሰው ዞር ብሎ ሲያይ ግድግዳውን ታቅፎ ተኝቷል።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንሿ አፏ አላረፈም፤ የትራንስፖርት ዋጋ እንደገና ሊጨምር ነው ስለመባሉ፣ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባቸው የጥርስ ሕመም፣ እናታቸው ያችን ጎረቤት ስንት ጊዜ እንደጠራቻት። «ብረቷን ባልሰጣት ይሻል ነበር። ነገ ደግሞ ሰፈሩን ልትሰበስብ ነው» ብላ ሳቀች። ትልቋ «እህ» አለች። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የመስኮቱ መስተዋት በጠብታ ተሸፍኗል። አንዳንዱ ጠብታ ተጣብቆ ይቀራል፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ይገጥምና ክብደት ሲያገኝ ይወርዳል። እሷ ውሃ አይታ ዝም ብላ ማለፍ ካቃታት ቆይቷል፤ ሰው ፊት ላይ የወረደ እንባ እንኳ ቢሆን የት ላይ እንደሚቆም ትገምታለች።

«የትኛውን የምትመርጥ ይመስልሻል?» አለች ትንሿ ድንገት።

«እኔ እንጃ።»

«ያንቺ ያምራል እኮ። የኔ ቅባት የተደፋበት ብረት ነው የሚመስለው።»

ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረችው ራሷ ትልቋ ነበረች፤ ባለፈው ዓመት፣ ሰው ፊት። ትንሿ እንደ ቀልድ ይዛው ኖራለች። ወይም እንደ ቀልድ አይደለም። ትልቋ ዞር ብላ ፊቷን አየችው፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

የሚሠሩበት ላቦራቶሪ ከትልቅ የጥገና አዳራሽ ጀርባ ያለ ረጅም ክፍል ነው። በአንዱ ጫፍ አየር እየሳበ የሚያጓራ የአሲድ ሣጥን፣ በሌላው ጫፍ ብረት የሚፈትግ ማሽን፣ መሐል ላይ ነጭ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው በላይ «ናሙና በባዶ እጅ መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ጽሑፉ የትልቋ ነው። የጣት ላብና ወዝ ስንት ሳምንት የተለፋበትን ብረት ያበላሻል፤ ስለዚህ እሷ ያለ ጓንትና ያለ ወረንጦ ምንም ነገር አታነሳም፤ ብስኩት ሳይቀር በወረቀት ይዛ ስትበላ አይተዋት «ወረንጦ» የሚል ስም አውጥተውላታል። የመፈተጊያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ደግሞ «ወፍጮ» ይባላል፤ ኃላፊው በሁሉም ነገር «ጥሩ ነው» ስለሚል «ጥሩ ነው» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል።

ክፍሉ የቆመው ውሃና ቅባት የማይዘው ብረት ለመሥራት ነው፤ ፓምፕ ውስጥ ውሃ ለሚገፋው ክንፍ፣ ዝገት ለሚበላው መዝጊያ። ውሃ የሚሸሸው ብረት መሥራት ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እንደሸሸው እንዲኖር ማድረግ ነው። የትልቋ መንገድ ብረቱን በዓይን የማይታይ እሾህ ማልበስ፣ እሾሁንም በስስ ሰም መቀባት ነበር፤ ጠብታው የእሾሁ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ክብ ሆኖ ይሮጣል። ያየው ሁሉ ይደነቃል። ግን ወፍጮ አሸዋ ባለበት ወረቀት ፈተግ ፈተግ ሲያደርገው እሾሁ ይሰበራል። ዓመት በዓመት እሾሁን ስታጠነክረው፣ ወፍጮ ዓመት በዓመት ይሰብረዋል። ታዲያ አንድ ጊዜ አንዲት ብረት አሲድ ውስጥ ረስታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ በነጋታው ስታወጣት ብረቷ እንደ ስፖንጅ ተበሳስታለች። ተናዳ የቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ወረወረቻት። «ይቺን ልውሰዳት እትዬ?» አለች ትንሿ። «ምን ታደርግልሻለች? ውሰጃት።» ትንሿ ወሰደቻት፤ ቀዳዳዎቹን ቅባት አጠጣቻቸው፤ ላዩ ሲፋቅ ቅባቱ ከውስጥ እየተሳበ እንደገና ላዩን ሸፈነው። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ሌላ ሰው የጣለውን አንስቶ የተጠቀመ ሰው ሌባ አይባልም። የትልቋም ችግር ይኸው ነበር፤ እኅቷ ሌባ ብትሆን ይቀላት ነበር።

ዛሬ የምትመጣው የአንድ ፓምፕ ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ ናት። ኃላፊው ከሳምንት በፊት ሁለቱንም አስቀምጦ ነግሯቸዋል፤ ሁለት መንገድ ማስኬድ አንችልም፤ እሳቸው የመረጡት ይቀጥላል፤ ሌላው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። «መደርደሪያ» ሲል ትልቋን ሳያይ ነው የተናገረው።

ነጩ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ብረቶች በብርጭቆ ሳህን ተቀምጠዋል፤ በስተግራ የእሷ፣ በስተቀኝ የትንሿ። ወፍጮ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ትንሿ «በር ላይ ልጠብቃት፤ ደግሞ መንገድ እንዳይጠፋት» ብላ ሻርፑን አስተካክላ ወጣች። የአየር መሳቢያው ብቻ ያጓራል። ትልቋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ብረቶች ስታይ ቆየች። ከዚያ ያደረገችውን ያደረገችው ተቆጥታ አልነበረም፤ ሰው ቤቱን ሲቆልፍ እንደሚያደርገው በእርጋታ ነበር። ቀኝ እጇን ከጓንቱ አወጣች፤ አውራ ጣቷን ግንባሯ ላይ፣ ከጸጉሯ ሥር፣ ወዝ ያለበት ቦታ አሸት አደረገችው፤ የትንሿ ብረት መሐል ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ብረቱ ቀዝቃዛና ልስልስ ነበር። ስንት ዓመት ብረት ስትሠራ ኖራ ሥራዋ በእጅ ሲነካ ምን እንደሚመስል የማታውቅ መሆኗ የታወቃት ያኔ ነው።

ጣቷን ስታነሳ አሻራው ቀረ፤ እያንዳንዱ መስመር ይታያል። በስሪንጅ አንድ ጠብታ ጣለችበት። ጠብታው አሻራው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ልቧ በአንድ ጊዜ ቀለላትም ከበዳትም። ጠብታውን በወረቀት መጥጣ አነሳችና ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ የሚያስጠላ ነገር እንደሚያይ ሰው ግን ዓይኗን ከብረቱ ላይ መንቀል አቃታት። ስለዚህም አየችው። መጀመሪያ የአሻራው ጠርዝ ደበዘዘ። ቅባቱ ከየቀዳዳው ቀስ እያለ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ በመስመሮቹ መሐል ገባ፤ መስመሮቹን እየነቀለ አንሳፈፋቸው። ለራሷ የቀዳችው ሻይ አጠገቧ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሌላ ጠብታ ጣለች፤ ተንሸራቶ ሄደ። ብታበላሸው ኖሮ ቢያንስ በደለኛ ትሆን ነበር። ይህ ግን በደሏን እንኳ ዋጠባት። ያስቀናት የነበረው እስከዚያች ሰዓት ድረስ የእኅቷ ዕድል ነበር፤ አሁን ቅናቷ ወደ ብረቱ ተሻገረ።

መሐንዲሷ አጠር ወፈር ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ሴት ናት። ቶሎ ቶሎ ትናገራለች። ኃላፊው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለ ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ የትልቋን ብረት አዩ። ጠብታው ክብ ሆኖ ሮጠ፤ መሐንዲሷ «ውይ፣ ሲያምር!» አለች፤ ትልቋ ለአፍታ ሞቃት። ከዚያ ወፍጮ ሁለቱንም ማሽኑ ላይ አስሮ ፈተጋቸው። ማሽኑ ሲቆም የትልቋ ብረት ላይ የተጣለው ጠብታ ተዘርግቶ ተኛ፤ እንደ ማንኛውም ውሃ፣ እንደ ወጥ ቤቱ ትሪ። የትንሿ ብረት ላይ የተጣለው ተንሸራተተ። ጨው አፈሰሱበት፤ ሳሙና አፈሰሱበት፤ አጋሉት፤ አቀዘቀዙት፤ ተንሸራተተ። ትንሿ አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ ይዛ ታብራራለች፤ ድምጿ አልተርበተበተም።

«ደስ ይላል» አለች መሐንዲሷ። «አሁን የኔን ጣጣ ልንገራችሁ። ይሄን ክንፍ የሚገጥሙት ሠራተኞቼ ጓንት አያደርጉም። ገዝቼ ብሰጣቸው ለሚስቶቻቸው ይወስዱታል። እጃቸው ላብ ነው፤ ግራሶ ነው። በእጅ ሲያዝ ምን ይሆናል?»

ወፍጮ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብሎ አየው። አሸዋ ሞክረዋል፤ ጨው ሞክረዋል፤ እሳትና በረዶ ሞክረዋል፤ እጅ ግን ማንም አልሞከረም፤ ክልክል ነዋ።

«አልሞከርነውም» አለች ትንሿ።

«ታዲያ ምን ይከብዳል?» መሐንዲሷ ማንም ሳይከለክላት አውራ ጣቷን ብረቱ ላይ ጫነች፤ ስሪንጁን ከትንሿ እጅ ወስዳ ጠብታ ጣለች። ጠብታው አሻራው ላይ ቆመ። ሳህኑን ዘንበል አደረገችው፤ ጠብታው አልተነቃነቀም። «ይኸው። ኧረ እኔስ ተመኝቼ ነበር» አለች፤ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው። የቦርሳዋን ዚፕ ያዘች። ኃላፊው «ጥሩ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ትልቋ የእኅቷን ፊት አየች። ልጅ ሳለች አሻንጉሊቷ ሲሰበር ታሳየው የነበረው ፊት ነው፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ላለማልቀስ እየታገለች። ይህን ፊት ለማየት ስንት ጊዜ ተመኝታለች! አሁን ዝም ማለት ብቻ ነው። ማንም ምንም አይላትም፤ ዝም ያለ ሰው አይጠየቅም። ሁለቱም መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ፤ ጎን ለጎን፤ እሱም እኩልነት ነው። ግን ዓይኗ ሳታዘው ወደ ብረቱ ሄደ፤ የአሻራው ጠርዝ መደብዘዝ ጀምሯል። መሐንዲሷ ገና በመሐል ላይ ያለን ነገር አልቋል ብላ ልትሄድ ነው። ትልቋ ውሸት ሲነገር ዝም ብላ ታውቃለች፤ የተሳሳተ ልኬት ሲነበብ ግን ዝም ብላ አታውቅም።

«ትንሽ ይቆዩ» አለች።

«ለምን?»

«ይመለሳል።»

ከሁሉም ቀድማ ወደ እሷ የዞረችው ትንሿ ናት። «በምን አወቅሽ እትዬ?»

የአየር መሳቢያው አጓራ። «ጠዋት ነክቼው ነበር» አለች ትልቋ። «በባዶ እጄ።»

ሻርፑን የያዘው የትንሿ እጅ ወረደ። ሌሎቹ ብረቱን ከበቡት፤ ወፍጮ እንደ ኳስ ተመልካች ጎንበስ ብሎ «እየሄደ ነው፣ እየሄደ ነው… ኧረ ሰውዬ!» ይላል። መሐንዲሷ መነጽሯን እንደገና ከማኅደሩ አወጣች። ቆሞ የነበረው ጠብታ መጀመሪያ በአንድ በኩል ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሊነሣ እንደፈለገ ሰው ወደፊት ዘንበል አለ፤ ከዚያ ሄደ። መሐንዲሷ ሦስት ጊዜ ጣቷን አሳረፈች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ስለ ክንፎቹ ስፋትና ስለ ማስረከቢያው ወር ማውራት ተጀመረ።

እንግዳዋ ስትሸኝ ኃላፊው ትልቋን በሁሉ ፊት አመሰገናት። «ጥሩ ነው! ሥራ ማለት ይሄ ነው። እንግዳ ሳይመጣ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ራሷ ፈትናዋለች። የራሷ ሥራ ሊሸነፍ እያየች!» ወፍጮ «ወረንጦ በባዶ እጇ! ፎቶ ሳላነሳ ቀረሁ» አለ፤ ሳቁ። ኃላፊው ቀጠለ፤ «እንግዲህ ጽሑፉ ይነሣ። የእጅ ፈተናውን ከነገ ጀምሮ አንቺ ትይዣለሽ። የጀመርሽው አንቺ ነሽ፤ እስኪደክመው ድረስ ንኪው። አንድ ሺህ ጊዜም ቢሆን።» የእሷን ብረት ወፍጮ በወረንጦ አንስቶ፣ አቧራ እንዳይነካው በወረቀት ጠቅልሎ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠላት። በጥንቃቄ ነበር ያስቀመጠው፤ ጥንቃቄው ከመወርወር ባሰባት።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ተራርቀው ቆሙ። ትልቋ በሰው ትከሻ መሐል ግራጫውን ሻርፕ ታያለች፤ ትንሿ አንድም ጊዜ አልዞረችም። ቤት ሲደርሱ እናታቸው የሆነውን በግማሽ ሰምታ ትንሿን አቅፋ ሳመቻት፤ ትልቋንም «ጎሽ የኔ ልጅ፤ አገዝሻት አይደል!» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «በሉ እጃችሁን ታጠቡ፤ እራት ይቀዘቅዛል።» ትልቋ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ትንሿ ተከትላት ገባች፤ በሩን በጀርባዋ ገፋ አደረገችው። ሻርፑን ፈትታ፣ አራት ቦታ አጥፋ፣ ጥግ ያለው ወንበር ላይ አኖረችው።

«በየትኛው ጣትሽ ነው?»

«በአውራ ጣቴ።»

«እንደው ነው ወይስ ወዝ ነበረበት?»

ትልቋ ዓይኗን ከውሃው አላነሳችም። «ግንባሬን አሽቼበታለሁ።»

ከገንዳው በታች ትሪው ጠብታ ይቀበላል፤ ጠብ፣ ጠብ። ትንሿ ያችን ትንሽ ብረት ከነልብስ መቆንጠጫዋ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳች፤ መቆንጠጫውን አውልቃ ብረቷን በባዶ እጇ ይዛ አገላበጠቻት።

«ጥሩ አድርገሽ አስበሽበታል» አለች። ድምጿ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ ነው። «ንጹሕ ጣት ምንም አይነግረንም። ነገ እጅሽን ሳትታጠቢ ነይ።»

ብረቷን ከሳሙናው አጠገብ አስቀምጣላት ወጣች።